መጋዘን ቦርሳዋን ያቀለለች ቀን

ሚስቴ ዳቦ ልትገዛ ወደ ማዶው ሱቅ ስትሻገር እንኳ ክብሪት፣ መርፌና ክር፣ ፋሻና መለወጫ ካልሲ ይዛ ነው። አጋነንክ የሚለኝ ካለ መጥቶ ይጠይቃት፤ ካልሲውን አውጥታ ታሳየዋለች። «መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥም ምን ይታወቃል?» ትለኛለች። እኔ ፀጉር ቤቴን ከፍቼ በተቀመጥኩበት ዘመን ሁሉ ያ መንገድ ያመጣው ነገር ቢኖር ፀጉሩን የሚስተካከል ሰው ብቻ ነው።

እሷ ቦርሳ፣ ሻንጣና ጃንጥላ ጠጋኝ ናት። ሱቋና ፀጉር ቤቴ በአንዲት ስስ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ ከግድግዳው ወዲህ እኔ ስቆርጥ እውላለሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ እሷ ስትቀጥል ትውላለች። ማንጠልጠያው የተበጠሰ፣ የዚፑ ጥርስ የረገፈ፣ አጥንቱ የተሰበረ ጃንጥላ ሁሉ ማረፊያው እሷ ዘንድ ነው። ሌላ ሴት ሀብል በምታደርግበት ቦታ የእሷ አንገት ላይ በጥቁር ክር የታሰረች የስፌት መተርተሪያ ተንጠልጥላለች። ስትተኛ ብቻ ነው የምታወልቃት።

አንድ ጠባይ አላት። ደህና ጨርቅ ላይ መቀስ አታስነካም፤ አጥፋ ትሰፋለች እንጂ አትቆርጥም። ሴቷ ልጃችን ተማሪ ሳለች የሰፋችላት ቀሚስ በየዓመቱ እጥፋቱ እየተተረተረ ከልጅቱ እኩል አደገ። ልጅቱ ቁመቷ አልቆ የራሷን ትዳር ስትይዝ ቀሚሱ ገና የሚለቀቅ እጥፋት ነበረው። «ምናለ ብትቆርጪው?» ስላት «የቆረጥኩትን ማን ይቀጥልልኛል?» ትለኛለች። ይህን የምትለው ቀን ከሌት ስትቀጥል የምትኖር ሴት ናት እንግዲህ።

ከሱቋ በር ፊት ለፊት፣ ከከተማው ጣሪያዎች ጀርባ አንድ ተራራ አለ። ስትሰፋ ውላ ወገቧን ልታፍታታ ቀና ባለች ቁጥር የሚታያት እሱ ነው። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ እጇን ከስፌት መኪናው ላይ አንስታ እሱኑ ትኩር ብላ እያየች አገኘኋት።

«ይሄን ተራራ ከዚህ ሆኜ ስንት ዘመን አየሁት» አለችኝ። «አንድ ቀን እዚያ አናቱ ላይ ቆሜ ደግሞ ይቺን በሬን ባያት ደስ ይለኛል።»

«ምኗን ነው የምታዪው? አንቺ ከሌለሽ ዝግ ናት።»

«ዝግም ብትሆን» አለች። ስትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ አልቀለደችም። አብረን በኖርንበት ዘመን ለራሷ ብላ የተመኘችው ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

እንዲህ ሆነና ነው የሰፈራችን ተራራ ወጪዎች ቡድን ውስጥ የገባነው። መሪያችን ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ነው፤ ጡረታ የወጣው ግን ከሜዳው እንጂ ከፊሽካው አይደለም። ከእሱ ሌላ ጥርስ ሐኪሟ፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ እኔና ሚስቴ ነን። ለክፉ ጊዜ የሚሆነው ዕቃ ለየሰዉ ተከፋፍሏል። ሐኪሟ የመጀመሪያ እርዳታ ሻንጣውን ትይዛለች፤ ሾፌሩ ትልቁን የዝናብ ላስቲክና የእጅ ባትሪውን፣ ዳኛው ፊሽካውንና ኮምፓሱን፣ እኔ ገመዱን፣ ሚስቴ ክብሪትና ትርፍ ምግብ። ማንም የሌላውን እንዳይደግም ነው ደንቡ፤ ሸክም ለማቅለል።

ሚስቴ ግን የሁሉንም ትደግማለች። ፋሻው አለ፣ ላስቲኩ አለ፣ ባትሪው ከነመለወጫ ድንጋዩ አለ፤ የጠፋ ሰው በፀሐይ እያብለጨለጨ ያለበትን የሚያሳውቅበት መስታወት ሳይቀር አለ። ለዛለ ትከሻ የሚሆን ቅባትም ከታች ተወትፏል። ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ ለሚያያት ሰው ቦርሳው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ሾፌሩ «መጋዘን» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ስልክ ስታነሳ «መጋዘን ነኝ» ትላለች።

ወደ ትልቁ ተራራ፣ ወደ እሷው ተራራ ማለቴ ነው፣ ልንሄድ ቀን ቆርጠን ሳለን ዳኛው ፀጉሩን ሊስተካከል መጣ። ሲጨርስ ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ ወደ ሚስቴ ሱቅ ጎራ አለ። ሰው ፊት እንዳያሳፍራት ብሎ ነው ብቻዋን ያናገራት፤ የግድግዳውን ነገር ግን ነግሬያችኋለሁ።

«እመቤቴ፣ ባለፈው ከኋላ ቀርተው ሳንጨርስ ተመለስን» አላት። «ቦርሳው ጉልበትዎን እየበላው ነው። የአሁኑ ዳገት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ወይ ቦርሳው ይቀራል፣ ወይ እርስዎ ከታች መኪና ይጠብቃሉ።»

«ቢጫ ካርድ መሆኑ ነው?»

«ሁለተኛው ቢጫ ነው እንጂ» አላት ሰውየው፤ ለሕግ ሲል እናቱን ከሜዳ የሚያስወጣ ሰው ነው። ከሄደ በኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ለረጅም ጊዜ አልተሰማም። ተነስቼ ልሄድላት አሰብኩና መላጨት የጀመርኩት ደንበኛ ግማሽ ፊቱን ይዞ አፈጠጠብኝ።

በማግስቱ መኪናው መንጫረር ጀመረ። የአንድ ሻይ ቤት ባለቤት አጥንቱ ስለደቀቀ ትቶላት የሄደው ትልቅ የግቢ ጃንጥላ ነበራት። ጨርቁ ቢጫ ነው፤ ስስና ዝናብ የማያሳልፍ፣ እንከን የሌለበት። ከእሱ ቀላል ቦርሳ ልትሰፋ ነው። መቀስ እንደማታስነካው አውቃለሁና በሩ ላይ ቆሜ የሚሆነውን አየሁ። ያን የሚያህል ጨርቅ አጣጠፈችው፣ ደራረበችው፣ እጥፋቱን በስፌት ያዘችው፣ መደረቢያውንም ከራሱ እጥፋት አወጣችው። ሲያልቅ ጀርባ ላይ ልክ የሚሆን፣ ሲነሳ እጅ ላይ የማይከብድ ነገር ሆነ። ደንበኞቼ ሳይቀሩ እየገቡ ነካ ነካ አደረጉት፤ እሷም ለእያንዳንዱ ሰው ዚፑን ከፍታ ዘጋችለት። እንደዚያ ቀን በስራዋ ስትኮራ አላየኋትም።

በውስጡም ውሃ፣ ብስኩት፣ ክብሪትና ሹራብ ብቻ ከተተች። ሌላው ኮተት ሁሉ እንደታጨቀ በአሮጌው ቦርሳ ውስጥ ቀረ። የመሄጃችን ቀን ጠዋት ያን አሮጌ ቦርሳ አምጥታ ለታላቅ እህቷ አስረከበቻቸው። እትዬ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከሱቁ በላይ ባለው ቤታችን ሰገነቱን ልብስ እያሰጡ፣ ሰፈሩን እየታዘቡ የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ተራራ ጉዞ ያላቸው አስተያየት አንድ ነው፤ ደህና ቤቱን ትቶ ድንጋይ ሊረግጥ የሚሄድ ሰው ሐኪም ይየው ባይ ናቸው።

«እትዬ፣ ይቺን መስታወት እንዳትጥያት» አለቻቸው ሚስቴ። «ፀሐይ ላይ ይዘሽ ብታወዛውዢያት ተራራው ድረስ ትታያለች።»

«ማን እንዲያየኝ ነው የማወዛውዘው? ቅንድቤን ነው የምነቅልባት» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከልብስ ማስጫው ላይ ሳያነሱ።

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። ገመዴን እንዳልረሳ ብላ ራሷ ከቦርሳዬ ጋር አሰረችው። ከዚያ የደረት ኪሴን መታ መታ አደረገችና ሳቀች። እዚያች ኪስ ውስጥ ማበጠሪያና አንዲት ትንሽ መስታወት አይጠፉም፤ ሪዜን የማስተካክልባቸው ናቸው። ፀጉር አስተካካይ ሪዙ ተንጨባሮ ከታየ ማን ራሱን ይሰጠዋል?

«አንተ ሰውዬ፣ ተራራው ሪዝህን አይቶ ሊያገባህ ነው?» አለችኝ። በዚህ ቀልድ ስትስቅብኝ ሁለት ልጅ አሳድገናል።

ያን ዕለት አካሄዷን ባያችሁ! ሸክም የለመደ ጀርባ ሸክሙ ሲነሳለት እግር መሬት አይነካም መሰል፣ ከሁላችንም ፊት ፊት ሄደች። ሾፌሩ «ኧረ መጋዘን፣ ቀስ! ታክሲ እንኳ እንዲህ አይነዳም!» እያለ ያለከልካል። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ፈገግ አለ፣ ለሌላው ግን ምንም አልተናገረም። ስለዚህ ሐኪሟና ሾፌሩ ያችን ቢጫ ቦርሳ ከኋላ እያዩ፣ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ዕቃ በምን ጥበብ አሳንሳ ከተተችው እያሉ ይደነቃሉ። እኔም አፌን ዘግቼ ተከተልኩ፤ ደስ ብሏት ስትሄድ ማየቱ በቅቶኛል።

አናቱ ሊደረስ ጥቂት ሲቀረው ጉም መጣ። ከየት መጣ ሳይባል ከፊት ያለው ድንጋይ ጠፋ፣ ከዚያ የሾፌሩ ኮፍያ ጠፋ፤ ወዲያው ዝናብ ተከተለ። ዳኛው ኮምፓሱን አውጥቶ እያየ ሲራመድ እርጥብ ድንጋይ አዳለጠውና ቁጭ አለ። ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል።

«ሐኪም!» አለ፣ ሜዳ ላይ እንደለመደው እጁን አንስቶ።

ሐኪሟ ሮጣ መጣች፤ ቦርሳዋን ፈታች፤ ከዚያ እጇ እዚያው ቦርሳው ውስጥ ቀረ። «የእርዳታ ሻንጣው ክሊኒክ ነው ያለው» አለች ቀስ ብላ። «እማማ መጋዘን ትይዝ የለ ብዬ ነው።»

«ቆይ፣ ላስቲኩን እንዘርጋለት» አልኩ። ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። ላስቲኩን ታክሲው ወንበር ላይ አልብሶት መጥቷል፤ መስኮቱ ውሃ ያስገባል። የባትሪው ድንጋይ ደግሞ የልጁ መጫወቻ ውስጥ ነው። «መጋዘን እያለች ምን አስጨነቀኝ ብዬ ነዋ!» አለ።

ሦስቱም ወደ ሚስቴ ዞሩ። ዝናቡ በአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ልክ መጋዘኑ አሁን ይከፈታል እንደሚል ሰው ጠበቋት። እሷም የቢጫዋን ቦርሳ ዚፕ ከፈተች። ብስኩት፣ ውሃ፣ ክብሪት፣ ሹራብ።

«እንዲህ አትዩኝ» አለች። «እኔም ባዶዬን ነው የመጣሁት።»

ዳኛው ከተቀመጠበት ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ አስቀሪ ያልኳት። ለማንም ሳልናገር» አለ፤ ከዚያ ካርዶቹን ከሚይዝበት ኪስ ቀዩን አውጥቶ በራሱ ላይ አነሳ። ሐኪሟ በመጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ቀጥሎ አልቻለችም፣ ሳቋን ለቀቀችው። እየበረደን፣ እየረጠብን ሁላችንም ሳቅን። ግን መሳቅ አያደርቅም። መውረድ እንዳንል መንገዱ አይታይም፣ ያዳልጣል፤ የተጎዳ ሰውም ይዘናል። መጠበቅ ነበረብን፤ እየጠበቅን ደግሞ ዳኛው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሚስቴ ሹራቧን ለእሱ ሰጠችው። ባዶውን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፤ መተርተሪያዋን ፈልጋ ነው። ገባኝ።

«ተዪ እንጂ፣ አዲስ እኮ ነው» አልኳት። ለየሰዉ ዚፑን ስትከፍትና ስትዘጋ ትዝ አለኝ።

«የተተረተረ ይሰፋል» አለችኝና ጀመረች። ጥር ጥር ጥር አለ ስፌቱ። አንዱ እጥፋት ተለቀቀ፣ ከሥሩ ሌላው፣ ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላው። ሾፌሩ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ጨርቁ ይመጣል። «ኧረ ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ!» እያለ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ድምፁ ብቻ ቀረ። ሲያልቅ ያ የሻይ ቤት ጃንጥላ እንዳለ፣ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ፣ በሙሉ ስፋቱ ተዘረጋ። ዳኛው ዳገት ሲወጣ የሚደገፍበትን ዱላ መሀሉ ላይ አቆምን። የጃንጥላው አጥንት ጫፍ የሚገባባቸው ኪሶች በየዳሩ አልተነኩም፤ በእነሱ ውስጥ ገመዴን አሳልፈን ከድንጋይ ጋር ወጠርነው። የቡድኑን ዕቃ በደንቡ መሠረት ይዤ የተገኘሁ ብቸኛ ባለገመድ እኔ ስለሆንኩ ስወጥር ትንሽ ተኮፈስኩ። ገመዱን ማን እንዳሰረልኝ ማንም አልጠየቀኝም።

በቦርሳው ማንጠልጠያ ሐኪሟ የዳኛውን እግር ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት። አምስታችንም ተጠጋግተን ከጨርቁ ሥር ገባን። ብርሃኑ በቢጫው ጨርቅ አልፎ ሲመጣ የሁላችንም ፊት ቢጫ ሆነ፤ ሐኪሟ «ጥርሳችሁን ተዉትና ጉበታችሁን ላሳክማችሁ» አለችን። ብስኩቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዳኛው በወጣትነቱ ኳሷን ትቶ ውሻ ሲያባርር የዋለበትን ጨዋታ አወራልን፤ ዝናቡን ረሳነው። ውጭ ሰማዩ ይወርዳል፣ ውስጥ እኛ እንንከተከታለን።

ሚስቴ ትስቅና ወደ ጉሙ ትመለከታለች። አየኋት። «ምነው?» አልኳት በጆሮዋ።

«እዚህ ድረስ መጥቼ፣ ጉም አይቼ ልመለስ ነው» አለችኝ። እጇን ያዝኩት፤ የመርፌ ጠባሳ የሞላበት፣ ቀዝቃዛ እጅ ነው። እንደዚያች ሰዓት ለሚስቴ አንድ ነገር ማድረግ ፈልጌ አቅም አጥቼ አላውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ ጉሙም ከላይ ወደ ታች መገለጥ ጀመረ። ብቅ ስንል አናቱ እዚያው ነው! ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ሥሩ ተቀምጠን ነው ለካ ስንንከተከት የቆየነው። ዳኛው ሚስቴን አየና ሰዓቱን አየ።

«ጨዋታው አላለቀም። ጭማሪ ሰዓት ሰጥቻለሁ» አለ። «ሾፌሩ ከእኔ ጋር ይቆያል። ፊሽካ ስነፋ ግን ወሬ የለም፣ ትወርዳላችሁ።»

ሚስቴ፣ ሐኪሟና እኔ ወጣን። ከላይ ሆነን ስናይ ጉም የሸፈነው ተራራውን ብቻ ነበር ለካ፤ ከተማዋ ፀሐይ ላይ ነበረች። ሚስቴ ጫፉ ላይ ቆማ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ፈለገች። ጣሪያ በጣሪያ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጥፍር የሚያካክል።

«የታለች?» አለችኝ።

«ያውና፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ግራ።»

«እሱ ትምህርት ቤት አይደለም። አታባብለኝ» አለች። በመርፌ ቀዳዳ ሲደክሙ የኖሩ ዓይኖቿን ጠረገችና እንደገና ፈለገች። ከታች ፊሽካው ተነፋ።

«ቆይ ቆይ» አለች ሐኪሟ። «ያ የሚያብለጨልጨው ምንድነው?»

ከጣሪያዎቹ መሀል አንዲት ነጥብ ብርሃን ብልጭ አለች። ጠፋች። ደግሞ ብልጭ፣ ብልጭ አለች።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች ሚስቴ፤ ድምፅ እዚያ ድረስ የሚሰማ ይመስል። «እትዬ ናት! ሰገነቱ ያ ነው! ከሥሩ ደግሞ በሬ! በሬን አየኋት!» እየዘለለች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች ክንዴን ልትነቅለው ደረሰች። ከዚያ ድንገት ቦርሳዋን ፍለጋ ጀርባዋን ዳበሰች፤ ቦርሳም የለ፣ መስታወትም የለ። «ምን ልመልስላት? ምንም አልያዝኩም እኮ!»

ከደረት ኪሴ ያችን የሪዝ መስታወቴን አውጥቼ ዘረጋሁላት። አየችኝ። ስለ ሪዜ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ተቀብላ ወደ ፀሐይ ዘወር አድርጋ አበራች። ታች ያለችው ብርሃን አንዴ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ እብድ ሆነች፤ ወዲያና ወዲህ፣ ላይና ታች ትዘላለች። ዳኛው ፊሽካውን ቢነፋ ቢነፋ የሚሰማው አጣ።

ዳኛውን ደግፈን ቀስ ብለን ወርደን ቤት ስንገባ እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን የያዙት በግራ እጃቸው ነው።

«ቅንድቤን ስነቅል ነበር» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ያን ሁሉ?» አለች ሚስቴ።

እትዬ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ጉሙ ተራራውን ሲውጠው ቁጭ ማለት አቃተኝ» አሉ። «መንገዱ ጠፍቶብሽ እንደሆን በየት በኩል ቤት እንዳለ ታውቂ ብዬ፣ ጉሙ ላይ ሳበራ ዋልኩ። እጄ እምቢ ሲለኝ በዚህኛው እጄ እየደገፍኩ።»

እኛ ከጨርቁ ሥር ብስኩት እየበላን ስንስቅ፣ እሳቸው ያን ሁሉ ሰዓት ለማይታይ ተራራ ሲያበሩ ነበር። ሚስቴ ሄዳ አሮጌውን ቦርሳ ጎተተችው፤ ፋሻውን፣ ላስቲኩን፣ ባትሪውን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ደረደረች፤ ከታች የተወተፈውን የትከሻ ቅባት አወጣች። ያ ቦርሳ በዕድሜው ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስራ አገኘ። እህቷ እግር ሥር ተንበርክካ እጅጌያቸውን ሰበሰበችና የቀኝ ክንዳቸውን ታሽላቸው ጀመር።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ቦርሳ አደረግሽኝ እንዴ!» አሉ እትዬ።